ከገብስማዋ በስተግራ

አክስቴን ሰፈሩ በሙሉ «ራዲዮ» ይላታል። ልጅ ሳለሁ እናቷ ያወጡላት ስም ይኸው ይመስለኝ ነበር። ጠዋት ዓይኗን ስትገልጥ ትከፈታለች። ፊቷን ስትታጠብ፣ ሻይ ስታፈላ፣ ጫማዋን ስታስር ታወራለች፤ የሚሰማት ሰው ከጠፋ ለድስቱ ትነግረዋለች። ክፋት ግን የለባትም። ሰው አታማም፣ የተነገራትን ምስጢር አታወጣም፤ ያየችውን ብቻ ነው የምታወራው። ልብስ ስትጠግን «እዪው ይሄን ክር! እስከዚህ ድረስ ጨዋ ሆኖ መጥቶ እዚህ ጋ ሲደርስ ይኮራብኛል» ትላለች። እሷ ዘንድ ክርም፣ መርፌም፣ አንሶላም የየራሳቸው ጠባይ አላቸው።

ዕድሜዋን የጨረሰችው በአንድ ትልቅ ሆቴል ምድር ቤት፣ ላውንደሪ ውስጥ ነው። አንሶላ ትተኩሳለች፣ የተቀደደውን ትጠግናለች። እዚያ ክፍል ውስጥ እንፋሎቱ ሰው ከሰው አያስተያይም፣ የማጠቢያ ማሽኖቹ ጩኸት ጆሮ ያደነቁራል። አብዛኞቹ ሠራተኞች በእጅ ምልክት መግባባት ለምደዋል። አክስቴ ግን ከማሽኖቹ ጋር እልህ ተጋባች። ድምፅዋን ከፍ አደረገች፣ ደግማ ከፍ አደረገች፣ በመጨረሻ አሸነፈቻቸው ይላሉ ጓደኞቿ። ችግሩ ቤት ስትገባ ዝቅ ማድረጉን ትረሳዋለች። «ጨው አቀብዪኝ ስትል ጎረቤት ሁሉ ጨው ፍለጋ ይነሳል» ብሎ ጋሼ ይቀልድባታል።

ጋሼ ባሏ ነው፤ መስታወት ቆራጭ። እሱ ደግሞ በቀን የሚናገራት ቃል ብትለቀም እፍኝ አትሞላም። የተገናኙት እዚያው ላውንደሪ ነው። የተሰበረ መስኮት ሊተካ መጣ፤ እሷ እየተኮሰች ታወራለች፣ እሱ መሰላል ላይ ቆሞ ይሰማል። መስታወቱን ሊገጥመው ሲል ጠበበ። በነጋታው ሌላ ይዞ መጣ፤ እሱ ደግሞ ሰፋ። «እንዲህ ያለ ልክ የማያውቅ ባለሙያ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም፣ ፊት ለፊት ነው የነገርኩት!» ትላለች አክስቴ ይህን ስታወራ። ጋሼ አቀርቅሮ ሻዩን ያማስላል። ልኩን አሳምሮ ያውቅ እንደነበር ከእሷ በቀር ሁላችንም ገብቶናል።

ልጅ አልወለዱም። እኔ የእህቷ ልጅ ነኝ። እናቴ ለሥራ ራቅ ወዳለ ከተማ ስትሄድ «ለጥቂት ጊዜ» ተብዬ እነሱ ዘንድ ተተውኩ፤ ጥቂቱ ጊዜ ይኸው እስከ ዛሬ አላለቀም። አሁን ፖስታ ቤት ቴምብርና ጥቅል የሚቀበለው መስኮት ላይ እሠራለሁ። አክስቴን «እትዬ» ነው የምላት።

ዶሮዎቹ የመጡት የእትዬ እጅ ከዳት በተባለበት ዓመት ነው። ስንት ዘመን መተኮሻ ያነሳ አንጓዋ መታጠፍ እንቢ አለ፣ ሆቴሉም ሥራዋን ግማሽ ቀን አደረገላት። ከሰዓት በኋላ ቤት መዋል ጀመረች። ጋሼ ሱቁ ነው፣ እኔ ፖስታ ቤት፤ የሚሰማት ሰው የለም። በዚያው ሰሞን ጎረቤታችን ቤት ሲቀይር ዶሮዎቹን ከነቤታቸው ትቶልን ሄደ። «እኔ ከዶሮ ጋር ምን አለኝ!» ብላ ጮኸች። ሳምንቱ ሳያልቅ ጓሮ ቆማ የሆቴሉን ወሬ ስትነግራቸው አገኘኋት። እነሱም አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጧታል፤ በመሀል አንዷ «ቋ» ስትል «ኧረ እውነቴን ነው!» ትላለች።

ስም አላወጣችላቸውም፤ ሹመት ነው የሰጠቻቸው። ትልቋ ጥቁር «ዳይሬክተሯ» ናት። እህል ሲበተን መጀመሪያ የምትቀምሰው እሷ ናት፣ ከእሷ በፊት አፉን የሚያስገባ አናቱን ይነቆራል። ገብስማዋ ምክትሏ ነበረች፤ ደረቷ ሰፊ፣ አረማመዷ የኮራ። ሁለቱ ቀያዮች ጎን ለጎን ካልሆነ ስለማይሄዱ «ጸሐፊዎቹ» ተባሉ። የመጨረሻዋ አመዴ ናት፤ መልኳ አመድ፣ ጭራዋ በሌሎቹ ተነጭቶ ያለቀ። ሌሎቹ ሲጠግቡ ትበላለች፣ ሌሎቹ ሲወጡ ትወጣለች። ቆጡ ላይም ንፋስ የሚገባበትን የበሩን ጫፍ ነው የሚተዉላት። እትዬ እሷን ብቻ አትሾማትም ነበር። «ይቺማ ምን ትሾም፣ መኖሯንም የምትደብቅ ናት» ትላለች።

የብርዱ ወራት ሲገባ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እትዬ ጓሮ አንሶላ ታሰጣለች፣ ዶሮዎቹ እግሯ ሥር ይጭራሉ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር አለችኝ። ጥላ እንኳን አላየችም። አንድ ነገር እንደ ተወረወረ ድንጋይ ከላይ ወረደና ገብስማዋ ላይ አረፈ። ጭልፊት ነው። ዶሮዎቹ በየአቅጣጫው ተበተኑ። ጭልፊቱ ገብስማዋን መሬት ላይ አጣብቆ ጀርባዋን በጥፍሩ ይዟል፣ በአፉ ፊቷን ይቦጭቃል።

እትዬ በእጇ የነበረው እርጥብ አንሶላ ብቻ ነው። ያንኑ እንደ መረብ ዘርግታ ሁለቱንም ሸፈነቻቸው።

«ከዚያስ?» አልኳት።

«ከዚያማ ጉዴ ፈላ! ጭልፊት ይዣለሁ፣ ምን ላድርገው? ከአንሶላው ሥር ሁለቱም ጸጥ አሉ። እኔም ቆሜ ቀረሁ። ቀስ ብዬ አንዱን ጫፍ ገለጥ ባደርግለት፣ እንደ ተዋረደ ሰው በእግሩ ወጣ። ቆም ብሎ አየኝ። ዓይኑ ቢጫ ነው፣ እንደዚያ ያለ ዓይን አይቼ አላውቅም። ከዚያ ተነስቶ ሄደ።»

ገብስማዋ ግን አልተነሳችም። ጀርባዋ ላይ ቆዳው ከነላባው ተገፎ ሥጋው ይታያል። ግራ ዓይኗ ጠፍቷል።

ጋሼ ሱቁን ዘግቶ በመስታወት መጫኛው ጋሪ እንስሳት ሐኪሟ ዘንድ ወሰዳቸው፤ እትዬ ዶሮዋን በአንሶላው ጠቅልላ እንደ አራስ ልጅ ታቅፋ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፣ ረጋ ያለች። ቁስሉን አጥባ ጀርባዋን ሰፋችላት። እትዬ አፏን ይዛ ስፌቱን ስትከታተል ቆየችና «ዶክተር፣ እጅሽ ይባረክ። እኔ ጨርቅ ነው የምጠግነው፤ ጨርቅ ግን አይተነፍስም» አለቻት።

ሐኪሟ ሳቀች። ከዚያ ቁም ነገሩን ነገረቻት። «ዓይኗ አይመለስም፣ እማማ። ጀርባዋ ግን ይድናል። ሞቅ ያለ ቤት ውስጥ ትቆይልዎ። ሲሻላት ግን ወደ ጓደኞቿ መመለሱ ነው ከባዱ።»

«መመለሱ ምን ይከብዳል? ቤቷ አይደል?»

«ቤቷ ነበር። ዶሮዎች ማዕረግ አላቸው፣ ማን ከማን በላይ እንደሆነ። አንዷ ስትጠፋ ቦታዋ ይያዛል። ስትመለስ እንደ እንግዳ ነው የሚቀበሏት። ከኩሽና ሙቀት አውጥተው ውርጭ ላይ ቢጥሏት በብርድ ታልቃለች፤ ድንገት መሀላቸው ቢያስገቧት ደግሞ እነሱ ይጨርሷታል። አይቸኩሉ። ቀስ በቀስ ነው።»

ገብስማዋ ኩሽናችን ገባች። ከምድጃው አጠገብ የፍራፍሬ ሣጥን ውስጥ ድርቆሽ ተነጥፎላት ተኛች። መጀመሪያ ሰሞን አንገቷን እንኳን አታነሳም፤ እትዬ ውሃ በማንኪያ ጠብ ታደርግላታለች፣ የተቀቀለ እንቁላል ፈርፍራ ታጎርሳታለች። «የራስሽን ዘር እያበላሁሽ ነው፣ ይቅር በዪኝ» ትላታለች። ከሆቴል ስትመለስ ከዘበኛው ጀምራ እስከ እንግዳ መቀበያው ያለውን ወሬ ሁሉ ትዘረግፍላታለች። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ እትዬ ስታወራ፣ ሣጥኑ ውስጥ ደግሞ ዝግ ያለ «ቅቅቅ» የሚል ድምፅ ሲመልስላት ሰማሁ። ጋሼ ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ አየኝ። «ደግሞ መልስ የምትሰጥ አገኘች» አለ።

ከሁሉ የገረመን ላባው ነው። ቁስሉ ከደረቀ በኋላ የገብስማዋ ጀርባ ራቁቱን፣ ሽብሽብ ብሎ ቆየ። አንድ ጠዋት እትዬ ጠራችን። «ኑ! ኑ እዩ! ቶሎ በሉ!» ኩሽናው በእሷ ድምፅ ተንቀጠቀጠ። ቆዳው ላይ በረድፍ በረድፍ ጥቃቅን ሰማያዊ እሾሆች በቅለው ነበር፤ ሰው ተቀምጦ አንድ በአንድ በልክ የተከላቸው ይመስላሉ። እያንዳንዱ እሾህ እንደ ስስ ወረቀት የመሰለ ቀፎ ነው። ከቀናት በኋላ የቀፎዎቹ ጫፍ ተሰንጥቆ ከውስጣቸው ላባ ብቅ ይል ጀመር፤ ተጣጥፎ፣ ተጠቅልሎ፣ ነጭና ጥቁር ጥለቱ ገና ከውስጥ ሳለ ተስሎ ያለቀ። እትዬ መነጽሯን አድርጋ አንገቷን ደፍታ እያየች፣ «ማን አጣጠፈው? ይሄን የመሰለ አጣጣፍ እኮ የእኛ ላውንደሪ ውስጥ የሚችል የለም» አለች። ቀልድ አልነበረም። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

ጋሼ እንኳ ጎንበስ ብሎ ብዙ ካየ በኋላ «ጥለቱ ከጎኑ ካለው ላባ ጋር ይገጥማል» አለ። ለእሱ ይህ ረጅም ንግግር ነው።

የመመለሱ ነገር ሲነሳ ብርዱ ጠንቷል። ጠዋት ጠዋት የዶሮዎቹ ውሃ ላይ የረጋውን በረዶ በመዶሻ እንሰብራለን፤ የጓሮው ሣር ነጭ ለብሶ ሲረግጡት ይንኮሻኮሻል። እንደ ሐኪሟ ምክር ገብስማዋን ከምድጃው አራቅናት፤ መጀመሪያ ወደ ኮሪደሩ፣ ቀጥሎ እሳት ወደማይነድበት ዕቃ ቤት። እትዬ ሣጥኑን በገፋች ቁጥር «ይቅርታሽን፣ ለራስሽ ነው» ትላለች። ዶሮዋ ላባዋን ነፋ ነፋ እያደረገች ትለምደዋለች።

ጋሼ በበኩሉ አንድ እሑድ ቀኑን ሙሉ ጓሮ ሲደበድብ ዋለ። የዶሮውን ቤት ለሁለት በሽቦ መረብ ከፈለው፤ ከወዲህኛው ገብስማዋ፣ ከወዲያኛው ሌሎቹ፣ ቀን ቀን እየተያዩ እንዲለማመዱ፤ ማታ ወደ ዕቃ ቤቱ ሣጥኗ እንመልሳታለን። የዶሮውን ቤት ያስጠጋንበት የዕቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ደግሞ በጆንያ የተደፈነ ቀዳዳ ነበር። ጆንያውን አውጥቶ ከአሮጌ ሱቅ የተረፈ ወፍራም መስታወት ገጠመበት። «ለምንድን ነው?» አለችው እትዬ። «ብርሃን ይገባል» አለ። ቆየት ብሎ «አንቺም ሳታስደነግጫቸው ታያለሽ» አለ። መስታወቱ በመጀመሪያው ልኬት ልክክ ብሎ ገጠመ።

ሽቦው መሀል ሆኖ የመጀመሪያው ቀን ዳይሬክተሯ እየተጎማለለች መጣች። ገብስማዋን በአንድ ዓይኗ አየቻት፣ አንገቷን አዙራ በሌላኛው አየቻት። ከዚያ ሽቦውን ነቆረችው። ጸሐፊዎቹም ተከትለው መጥተው ነቆሩ። ገብስማዋ ግን በስተቀኝዋ የሆነውን ስታይ በስተግራዋ ያለውን አታይም፤ በግራ በኩል ሽቦው ሲመታ ዘላ ትደነግጣለች፣ በራሷ ዙሪያ ትሽከረከራለች። ምክትልነቷ ቀርቶ ዶሮ መሆኗም የተረሳ መሰለ።

እንዲያም ሆኖ ነቆራው እየቀነሰ መጣ። ተለማመዱ ብለን አንድ ጠዋት ሽቦውን አነሳነው። ተሳስተናል። ዳይሬክተሯ ዞራ በታወረው በኩል መጣችባት። ገብስማዋ አላየቻትም። አናቷን ስትነቆር ከየት እንደመጣባት እንኳን አላወቀችም፤ ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ ዞራ ባዶ አየር ስትነቁር አየኋት። ጸሐፊዎቹ ተጨመሩ። እትዬ በሩን በርግዳ ገብታ ነጥቃ አወጣቻት።

«በቃ!» አለች፣ ዶሮዋን ካፖርቷ ውስጥ ሸጉጣ። «በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ የቤት ናት። ኩሽና ትኑር። እኔ ላውራት፣ እሷ ትመልስልኝ። ምን ጎደላት?»

ጋሼ ሽቦውን ይዞ ቆሞ ነበር። «እመቤት» አላት። «ዶሮ ናት እኮ።»

«ዶሮ መሆኗን አጣሁት?»

«ከዶሮ ጋር ትኑር ማለቴ ነው። ማታ ማታ ቆጡን ስትሰማ አላየሻትም? ሌሎቹ ሲወጡ ድምፃቸውን ስትሰማ ሣጥኗ ውስጥ ትቆማለች። አንቺ ታወሪላታለሽ፣ እሷ ግን ወደዚያ ነው የምታዳምጠው።»

እትዬ ዶሮዋን ከካፖርቷ አውጥታ ሣጥኗ ውስጥ መለሰቻት። እኔ ጋሼ እንዲህ ተናግሮ ሲጨርስ ሰምቼ ስለማላውቅ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ሐኪሟ ጋ ስልክ ተደወለ። «ሁሉንም አንድ ላይ አያጋፍጧት» አለች። «ከመሀላቸው የዋሂቱን፣ ማንንም የማትመታዋን ይምረጡና መጀመሪያ ሁለቱ ብቻ ከሽቦው ወዲህ ይሁኑ። አንድ የምታውቃት ካገኘች ይቀላታል።»

የዋሂቱን መምረጥ አላስቸገረም። አመዴን አንስተን ከገብስማዋ ጋር አስገባናት። አመዴ ጥግዋን ይዛ ቆመች፣ እንደ ወትሮዋ መኖሯን እየደበቀች። ገብስማዋም በሌላኛው ጥግ። ሁለት የተቀያየሙ መንገደኞች አንድ አግዳሚ ላይ የተቀመጡ ይመስሉ ነበር። በቀጣዩ ጠዋት ግን ሳያቸው ሳህኑ ላይ አብረው እየበሉ ነው። አመዴ በዕድሜዋ ሙሉ ሳህን አጠገብ እንዲህ በሰላም ቆማ አታውቅም፤ ማንም አልገፋትም፣ ጥራጥሬውን ቀና ብላ እየመረጠች ትለቅማለች። ጭራዋ ላይም አዲስ ላባ ብቅ ብቅ ይል ጀምሮ ነበር።

ሽቦው ዳግመኛ የተነሳው ዓመቱ ካሳየን ውርጭ ሁሉ በከፋው ጠዋት ነው። የዕረፍት ቀኔ ስለነበር ቤት ነኝ። እትዬ ጎመን በገመድ አንጠልጥላ ቀልባቸው ወደዚያ እንዲሄድ አደረገች፣ ጋሼ ሽቦውን አነሳ፣ ሁለቱም ዕቃ ቤት ገብተው መስታወቱ ፊት ቆሙ። እኔ ኩሽና ሻይ ላፈላ ገባሁ። ከዕቃ ቤቱ የእትዬ ድምፅ እንደ ልማዱ ይመጣል። «አሁን ወጣች... አሁን አየቻት... ያቺ ዳይሬክተር መጣች፣ መጣችልሽ፣ በግራ በኩል ነው የምትመጣው፣ ይቺ መሠሪ! ዙሪ እንጂ የኔ እናት፣ ዙሪ...»

ከዚያ ድምፅዋ ቀጥ አለ።

ውሃው ሲፈላ ይሰማኛል፤ ሌላ ምንም የለም። በዚያ ቤት ስኖር እትዬ ነቅታ ሳለች እንዲህ ያለ ዝምታ አላውቅም። ወደቀች ወይ? ልቧ ቆመ ወይ? ወደ ዕቃ ቤቱ ሮጥኩ።

ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ቆመዋል። እትዬ እጇን በአፏ ላይ ጭናለች። ጋሼ ሳይዞር በጣቱ ወደ መስታወቱ አመለከተኝ።

ዳይሬክተሯ አንገቷን አስግጋ፣ ከገብስማዋ በስተግራ አንድ ክንድ በማትሞላ ርቀት ላይ ቆማለች። ገብስማዋ ጎመኑን እየበላች ነው፤ አላየቻትም። በመሀላቸው ግን አመዴ ቆማለች። ላባዋን ነፍታ እጥፍ አክላለች። አትነቁርም፣ አትጮኽም፤ ቆማለች ብቻ። ዳይሬክተሯ አናቷን ነቆረቻት። አመዴ ዓይኗን ጨፍና ገለጠች። ደገመቻት። አመዴ አንድ እግሯን እንኳን አላነሳችም። ያቺ ጥላ ሲያርፍባት የምትሸሽ ዶሮ!

ዳይሬክተሯ ቆመች። ምን እንዳሰበች እሷ ታውቃለች። ከዚያ ነገሩን እንደ ረሳችው ሁሉ ፊቷን አዙራ ወደ ጎመኑ ሄደች። ጸሐፊዎቹም ተከተሏት።

«አያችሁ...» ብዬ ልናገር ስጀምር ጋሼ «ቆዪ። ግራዋን እዪያት» አለኝ።

ገብስማዋ ወደ ውሃው ለመሄድ ዞረች። አመዴ ከኋላዋ ዞራ እንደገና በግራዋ ቆመች። ገብስማዋ ወደ በሩ ተመለሰች፤ አመዴ ደግሞ ተሽከርክራ በግራ። በክፍቱ በር በኩል ስናያቸው፣ ጓሮ ወጥተው ውርጩ ላይ ሲራመዱ፣ አንዷ በገብስማ ላባ፣ አንዷ በአመድማ፣ የታወረው ዓይን ባለበት ጎን በኩል ክንፍ ለክንፍ ተነካክተው ነው። ገብስማዋ ብቻዋን ሳለች በትንሹም የመደንገጥ ነገሯ ጠፋ። በግራዋ የሚነካት ላባ አለ፤ እሱ ካለ ሌላ ነገር የለም ማለት ነው።

እትዬ ለምን ያህል ጊዜ ዝም እንዳለች አላውቅም። ሻዩ ፈልቶ ገንፍሎ ምድጃውን አጠፋው። ጋሼ የእትዬን ክንድ ያዝ አደረገ። ሦስታችንም መስታወቱ ላይ ትንፋሻችን ጉም እየሠራ፣ በእጅጌያችን እየጠረግን እናያለን። ቤተ መቅደስ ውስጥ የቆምኩ መሰለኝ። ያየሁት ግን ጓሮ ነው፤ ዶሮ፣ የተንጠለጠለ ጎመን፣ የቀዘቀዘ ጭቃ።

ፀሐይ ስትጠልቅ ወደ ቆጡ የመውጣቱ ፈተና መጣ። በአንድ ዓይን ርቀት መለካት አይቻልም። ገብስማዋ ዘለለች፣ ሳተች፣ በደረቷ ወደቀች። እትዬ ልትገባ ስትል ጋሼ ከለከላት። ገብስማዋ ቆጡን ቀና ብላ አየች፣ አናቷን ወደ ላይ ወደ ታች፣ ወደ ጎንም እያደረገች፣ ልክ ጋሼ መስታወት ሲለካ እንደሚያደርገው። ከዚያ ዘለለች፤ ያዘች። አመዴ ተከትላ በግራዋ ሰፈረች። ዳይሬክተሯ ከወዲያኛው በኩል አንድ ሁለቴ ብትነቁራትም ልቧ ያለበት አይመስልም ነበር። ውርጭ ነው፣ ማን ቦታውን ለቆ ይጣላል? በማግስቱ ጠዋት ስናያቸው ዳይሬክተሯ በገብስማዋ ቀኝ ሆና ልጥፍ ብላ፣ አንገቷን ላባዋ ሥር ቀብራ ተኝታለች።

እትዬ ድምፅዋ ሲመለስ ጎርፍ ሆኖ ነው የመጣው። ሆቴሉ በሙሉ ሰማ። ሐኪሟም ቁስሉን ልታይ ቤታችን ስትመጣ መስታወቱ ፊት አቁማ አሳየቻት። ሐኪሟ ብዙ አየች። ከዚያ ቀስ ብላ «እማማ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ፣ ቅር እንዳይልዎ» አለች። «አመዴ ሁልጊዜ ስትነቆር የኖረች ናት አይደል? ከገብስማዋ በስተግራ ማለት እኮ የማንም ዓይን የማያርፍበት ቦታ ነው። ገብስማዋ አታያትም፣ አትመታትም፤ ሌሎቹም ገብስማዋን አልፈው ነው የሚመጡባት። ምናልባት ለራሷ መሸሸጊያ አግኝታ ይሆናል።»

እኔ ለእትዬ ፈራሁላት። እሷ ግን አሰበችበት። አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ ዶሮዎቹ እሷን ሲሰሙ እንደሚያደርጉት፣ መስታወቱን እያየች ቆየች።

«ይሁና» አለች በመጨረሻ። «ለራሷ ብላ ከሆነማ ይብሳል፣ ዶክተር። አንዷ ማየት ያቃታት ቦታ፣ ለሌላዋ ዓለም ላይ ካለው ቦታ ሁሉ የሚሻለው እሱ ሆነ። ይሄን ማን ገጠመው? እኔ ብሰፋው እንዲህ አልገጥመውም።»

ሐኪሟ ጓንቷን አጥልቃ ልትሄድ ከተነሳች በኋላ ተመልሳ መስታወቱ ጋ ቆመች።

የላውንደሪ ሴቶች የዕረፍት ቀናቸውን ጠብቀው መጡ፤ ካፖርት ለብሰው፣ ሻርፕ ተጠቅልለው፣ ዕቃ ቤታችንን ሞልተውት። ራዲዮ አጋንናለች ብለው ሊስቁባት ነበር የመጡት። በእንፋሎት ውስጥ በእጅ ምልክት መነጋገር የለመዱ ስለሆኑ፣ ዶሮዎቹ ፊትም በምልክት ነው የተነጋገሩት፤ አንዷ የጓደኛዋን ክንድ ትይዛለች፣ አንዷ በጣቷ «በግራ፣ በግራ» ትላለች። የተኳሾቹ አለቃ፣ ስትስቅ ያያት የለም የምትባለው፣ ከሁሉም ኋላ ቀርታ ወጣች።

ቀኑ ረዘም ረዘም ሲል፣ ብርዱ ግን ገና ሳይለቅ፣ አንድ ጠዋት እትዬ በሩን በጀርባዋ ገፍታ ኩሽና ገባች። ሁለት እጇን እንደ ጎድጓዳ ሳህን ገጥማለች። ገብስማዋ ከዚያ ሁሉ ወር በኋላ እንቁላል ጥላ ነበር። በቀዝቃዛው አየር ውስጥ እንቁላሉ ስስ ጭስ ይጨሳል። እትዬ አንስታ ጉንጬ ላይ አደረገችው። ሙቀቱ እስከ ጥርሴ ገባ። ለጋሼም ጉንጩ ላይ አደረገችለት፤ እሱ ዓይኑን ጨፈነ።

«እንግዲህ ይሄ አይበላም» አለች እትዬ።

«ለምን?» አለ ጋሼ።

«እንዴት ለምን? ይሄ ሁሉ ታልፎ!»

«ለመበላት ነው የጣለችው።»

ተከራከሩ፤ ማለት እሷ ተከራከረች፣ እሱ ጠበቀ። በመጨረሻ እሷው ራሷ መጥበሻውን አነሳች። እንቁላሉን ስትሰብረው አስኳሉ ድፍን ቢጫ ሆኖ ወጣ። ጠብሳ ለሦስት አካፈለችው፤ ቆመን በላነው፤ ለእያንዳንዳችን አንዳንድ ጉርሻ እንኳን አልደረሰንም።

ጋሼ አላምጦ ዋጠና «ጨው በዝቶበታል» አለ።